ዳዶውን ረሳ የተባለው ሰውዬ

ባሌ ጎንቺግ እጁን ሲታጠብ አይታችሁ የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት አይቻለሁ። መጀመሪያ አሸዋ ያሽበታል፣ ቀጥሎ ናፍጣ፣ ቀጥሎ የልብስ ሳሙና፣ በመጨረሻ ውሃ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ነገር ከነክብሩ እዚያው ይቀመጣል። ከዚያ በዚያው እጁ የተቀቀለ የበግ ጎድን ከገበታው አንስቶ ይግጣል።

"ኤጭ! አንተ ሰውዬ፣ ሥጋውን ነው ግራሶውን የምትበላው?" ስለው፣

"ሁለቱም ቅባት ነው፤ ሆድ አይመርጥም" ይለኛል። ሲስቅ ደግሞ አፉ ሙሉ ነው።

ሰዉ ግን እንደዚያ አያየውም ነበር። እኛ የምንኖርበት የኡላንባታር ዳገት ላይ መኪና ያለው ሁሉ፣ መኪናው ባቃሰተ ቁጥር የእኛ አጥር በር ላይ ነበር የሚቆመው። ጎንቺግ በጉልምስናው የመንግሥት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሱፍና ቆዳ ጭኖ ከምዕራብ ጫፍ ይመላለሳል። እጅ ብረት ላይ ተጣብቆ በሚቀርበት ብርድ ከሞተሩ ሥር እሳት አንድዶ፣ የተሰበረውን በሽቦ ጠፍሮ ቤቱ ይገባ ነበር እንጂ አንድም ቀን መኪና መንገድ ላይ ጥሎ መጥቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሰፈሩን መኪና ሁሉ በነጻ መፈተሽ ያዘ። "የጎንቺግ እጅ ያልነካው መኪና አይታመንም" ይላሉ። እሱም ይሰማና ጆሮው ይቀላል፤ እንዳልሰማ ሆኖ መኪናው ሥር ይገባል። የምትታየው እግሩ ብቻ ናት፤ ካልሲው ደግሞ ተቀዷል።

የእኛን መኪና ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። አሮጌ የጃፓን መኪና ናት፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ። ጋራዥ ውሰዳት ማለት እሱን መስደብ ነው።

ከሁሉ የሚያስጠሉኝ ግን ጣሳዎቹ ነበሩ። ጎንቺግ የሚጥለው ነገር የለም። ያረጀ ብሎን፣ የተበላ ጎማ፣ የደነዘ መጋዝ፣ ሁሉም በየጣሳው ነው። ከጌራችን፣ ከክቡ የድንኳን ቤታችን፣ በር አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ የእርጎ ጣሳ ነበረችኝ። አንድ ቀን ከፍቼ ባይ በተጣመመ ሽቦ ሞልቷታል። መኪና ላይ ዳዶ ከጠበቀ በኋላ እንዳይወልቅ ቀዳዳ ውስጥ የሚሰካ፣ ሁለት እግር ያለው ሽቦ። አሮጌውን ሁሉ እያቃና ለቅሞ አስቀምጦታል። ሽታው! የከረመ ግራሶና የእርጎ ርዝራዥ አንድ ላይ። ያን ዓመት ለነጭ ወር፣ ለአዲስ ዓመታችን፣ ቤት ሲጸዳ፣ ሊጠይቀን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሊመጣ ሲል፣ ጣሳዋን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ከዳገቱ ወርጄ የሰፈሩ አመድ ክምር ላይ ጣልኳት። እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። ለእሱ አልነገርኩትም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ስምንት ዓመት ሆኖታል።

በምዕራብ፣ አርቫይሄር ከተማ ያለችው ልጃችን ዱልማ በዚያ መኸር ወለደች። ከዚያ በፊት ሁለት ሕፃን ቀብራለች። አንዱ በሰባት ወሩ ተወልዶ አንድ ቀን አላደረም። ሁለተኛው ሦስት ቀን ኖረ። ለሁለተኛው ስንሄድ ቀን የሚያይልን መነኩሴ፣ ላማው፣ የሰጠን መልካም ቀን ማክሰኞ ነበር። ጎንቺግ ግን "ፍሬኑ አላማረኝም፣ ሳልሠራው አልወጣም" ብሎ ረቡዕ አስወጣን። ስንደርስ ሕፃኑ የለም። ፍሬኑ ያዘ አልያዘ እኔ ምን ገዶኝ! ረቡዕ መውጣታችንን ነው በሆዴ ይዤ የቀረሁት።

ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ዓርብ ተወለደች፤ የድመት ግልገል ታክላለች አሉ። ሰኞ ዱልማ ስልክ ደውላ አለቀሰች።

"እማ፣ ነይልኝ። ማታ ማታ ትተንፍስ አትተንፍስ እያልኩ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የማድረው። ብቻዬን እፈራለሁ።"

በማግስቱ ላማው ዘንድ ሄድኩ። መጽሐፉን ገልጦ፣ "ሐሙስ፣ በፈረስ ሰዓት፣ ወደ ምዕራብ ውጡ። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ቀን ለመንገድ አይሆንም" አለኝ። የፈረስ ሰዓት ረፋድ አልፎ ይጀምርና ሰባት ተኩልን ትንሽ ሲያልፍ ያልቃል። ቤት ስደርስ ጎንቺግ የመኪናዋን የፊት ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ግራ ቀኝ ይነቀንቃል። ዶቅ፣ ዶቅ።

"ሰማሽ?" አለኝ።

"አልሰማሁም። ሐሙስ በፈረስ ሰዓት እንወጣለን።"

"የመሪው ዘንጎች አልቀዋል፣ ሃንዳ። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው እኮ ይኼ ነው። መንገድ ላይ ከለቀቀ መሪው እጄ ላይ ይቀራል፣ ጎማው ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ልቀይራቸው ነው።"

"በአውቶቡስ እንሂድ።"

"የሾፌር ሚስት በአውቶቡስ!" አለና ሳቀ። "ያን ሁሉ ሥጋና የሕፃን አልጋ ማን ሊሸከምልሽ? ዛሬ ዕቃውን እገዛለሁ፣ ነገ ግራውን፣ ሐሙስ ጠዋት ቀኙን። ፈረስሽ ሳይነሳ እጨርሳለሁ።"

ረቡዕ ግራውን ሠራ። ማየት አልነበረብኝም፤ ግን ውሃ ለመድፋት ወጣሁና አየሁ። ጎማውን አውልቆ፣ መኪናዋን የተቆረጠ የባቡር ሐዲድ እንጨት ላይ አስቀምጦ፣ ካርቶን ላይ ተጋድሟል። የድሮው ዘንግ ራስ ላይ ያለችው ላስቲክ ተቀድዳ ጥቁር ግራሶ ታዣለች፣ ልክ እንደታመመ ዓይን። በጣቱ ጠረገው። በሁለት ጣቱ አሸው። አሸተተው።

"ነይ ሽተቺው" አለኝ ጣቱን ዘርግቶ።

"እፍ! ወዲያ! ምን ሆነሃል?"

"አሸዋ ገብቶበታል እኮ። ለዚህ ነው የተበላው።"

"አንተንም አሸዋ ይግባብህ!"

ወደ ታች ሳይ፣ የፈታቸውን ብሎኖች ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፏቸዋል። የዘፈዘፈበት ሳህን የእኔ ሳህን ነው። ሊጥ የማቦካበት፣ ለነጭ ወር ሊጡን በሥጋ እየሞላሁ ሦስት ሺህ ቡዝ የጠቀለልኩበት ሳህን! ጮህኩ። ውሻው እንኳ ተነስቶ ከአጥሩ ጥግ ሄደ። ጎንቺግ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ "አጥቤ እመልስልሻለሁ" አለኝ። አጥቤ! በምን እጁ? ያን ሳህን ዛሬም ለውሻው ነው የምጠቀምበት።

ግን ሥራውን ሠራው። ልዋሽ አልችልም። ዳዶውን አጠበቀ፣ አዲሱ ዕቃ ይዞት የመጣውን ሽቦ ሰካ፣ እግሮቹን ወዲያና ወዲህ አጠፈ። የቀኙን ዕቃ ካርቶን ሲከፍት ግን ሽቦው የለም። ሻጩ ረስቶት ይሁን ሰርቆት እኔ አላውቅም። ካርቶኑን ገልብጦ አራገፈው፤ ምንም አልወደቀም።

"ምንም አይደል፣ ሽቦ አይጠፋም" አለ።

ይህን ሲል መደርደሪያው ላይ የነበረችው ጣሳ ትዝ አለችኝ። ውሃዬን ደፍቼ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት ቀኙን ጀመረ። የዚህ ሥራ ክፉው ነገር ቁጥሩ ነው። አሮጌው የዘንግ ራስ ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጠራል፤ አዲሱም ያንኑ ያህል ዙር ይገባል። አለበለዚያ ሁለቱ ጎማዎች እንደተኳረፈ ባልና ሚስት ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። ጎንቺግ ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ የሾፌርነት ልማዱ ነው። እኔ የበሰለውን ሥጋ በጨርቅ እየጠቀለልኩ እሰማዋለሁ። "አሥራ ሁለት... አሥራ ሦስት..."

በዚህ ጊዜ አባባ ሉብሳን በአጥሩ በር ገቡ። ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ በምዕራብ በኩል የሚኖሩ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። የሱረት ብልቃጣቸውን ከጉያቸው እያወጡ ነው የገቡት። ለሰላምታ የተዘረጋ የሱረት ብልቃጥ ደግሞ አይጠብቅም።

"ጎንቺግ! አባባ ሉብሳን መጥተዋል!" አልኩ።

"አሥራ አራት... አንዴ ይጠብቁኝ..."

"ምን ማለት ነው ይጠብቁኝ? ሽማግሌ ብልቃጥ ዘርግተው ቆመው? ነውር ነው፣ ውጣ!"

ወጣ። ቀኝ እጁን በሱሪው ጠራርጎ፣ እጅጌውን አውርዶ፣ ብልቃጡን ተቀበለ። ያ ጥቁር ጣት አረንጓዴው የብልቃጡ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ሳይ ቀፈፈኝ። አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ መለሰላቸው።

"መኸሩን በደህና ይዛችሁታል?" አሉ አባባ ሉብሳን።

"በደህና ይዘነዋል። እርስዎስ?"

"ደህና ነኝ። ከብቱስ ሰብቷል?"

"ሰብቷል" አለ ጎንቺግ። ከብት ካየን ሃያ ዓመታችን ነው፤ ግን ሰላምታው እንደዚያ ነው። ሽማግሌው ሻይ ሊጠጡ ቁጭ ሲሉ እሱ ወደ መኪናው ተመለሰ። ወዲያው ድምፁን ሰማሁት።

"ሃንዳ፣ ስንት ላይ ነበርኩ?"

"እኔ ምን አውቄ! የአንተን ብሎን ልቁጠር?"

"አሥራ አራት ነው አሥራ አምስት? ዘንጉ እጄ ላይ እየዞረ ነው ያስወጣሽኝ።"

"ይኸዋ! አሁን ደግሞ እኔ ነኝ!"

አልተከራከረኝም። ሲባጎ አወጣ። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ወጠረ፤ ተንበርክኮ ባንድ ዓይኑ አየ፣ አንድ ዙር ጨመረ፣ ደግሞ አየ፣ ግማሽ ቀነሰ። ጎማ ይገባል፣ ጎማ ይወልቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። የፈረስ ሰዓት ገብቶ እየሮጠ ነው። እኔ አዲሱን ረጅም የሐር ካባዬን፣ ዴሌን፣ ለብሼ፣ ወገቤን በመቀነት አስሬ፣ ሥጋውን፣ የሕፃን አልጋውን፣ ለሾርባ የሚሆነውን የበግ ላት ኋላ ጭኜ ጨርሻለሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ከሩብ ሆነ። ጎማው እንደገና ወልቋል።

"አሁንስ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ዳዶው አልጠብቅ አለኝ። ሳዞረው ውስጡ ያለው አብሮ ይዞራል። ከሥሩ ክሪክ ሰጥቼ መጫን አለብኝ። ግማሽ ሰዓት ስጪኝ።"

"ግማሽ ሰዓት የለም!"

አባባ ሉብሳን ከሻያቸው ቀና አሉ። "ልጄ ሃንዳ፣ ምን ያጣላችኋል? የድሮ ሰው መንገድ ሳይመቸው ሲቀር በመልካሙ ሰዓት ጓዙን ብቻ ያወጣ ነበር። ጥቅልሽን ይዘሽ እኔ ቤት ነይ፤ በምዕራብ በኩል ነኝ። እዚያ እደሩ። መውጣት ማለት እሱ ነው። ነገ ደግሞ መኪናችሁ ሲደርስላችሁ ትቀጥላላችሁ።"

ምን ነበረበት? ሁላችንም የምናውቀው ልማድ ነው፤ እናቴም አድርጋዋለች። እኔ ግን ያኔ ለሁለተኛው ረቡዕ መውጣታችን አልረሳ ብሎኛል።

"አባባ፣ ሁለት የልጅ ልጅ የቀበረ ሰው ጎረቤት ቤት አድሮ ወጣሁ አይልም። መኪናዋ ራሷ ነች የምትወጣው" አልኩ፤ ሄጄም መኪናዋ ውስጥ ቁጭ አልኩ። በእንጨት ላይ እንደተቀመጠች፣ አንድ ጎማዋ ወልቆ።

ጎንቺግ ጌሩ ውስጥ ገባ። በበሩ አየዋለሁ። መደርደሪያው አጠገብ ቆመ፤ ጣሳዋ የነበረችበትን ባዶ ቦታ አየ። የት አደረግሽው ሊለኝ ነው ብዬ ውሸቴን አዘጋጀሁ። አልጠየቀኝም። ጎንበስ ብሎ ሌላ ጣሳ ውስጥ ሚስማር መፈለግ ጀመረ።

"ሽቦውን እንኳ ልስካበት፣ ሃንዳ። ሽቦው ካለ ዳዶው ባይጠብቅም አይወልቅም። አንድ ሚስማር አጥፌ..."

ያኔ ነው የተናገርኩት። ምላሴ ያኔ በተቆረጠ!

"ሁለት የልጅ ልጆቼን በዚህ ብረትህ ቀብረሃቸዋል። ሦስተኛዋንም ልትቀብር ነው?"

ቀጥ ብሎ ቆመ። አባባ ሉብሳን ፊታቸውን ወደ ሻዩ መለሱ። ጎንቺግ በእጁ የያዘውን ጣሳ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። መጣ፣ ጎማውን አስገባ፣ መኪናዋን ከእንጨቱ አወረደ። እጁን ሳይጠርግ መሪውን ያዘ። መስተዋቱ ላይ የታሰረው ሰማያዊ የበረከት ጨርቅ ተወዛወዘ፤ አባባ ሉብሳን መንገዱ እንዲቀናን ከኋላችን ወተት ረጩልን፤ ከአጥሩ በር ስንወጣ ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል። በፈረስ ሰዓት ወጣን። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ከደጃችን ቁልቁለቱ ዝናብ የቦረቦረው ነው። እሱ በቀስታ ነበር የሚነዳው፣ ልክ እንቁላል እንደጫነ። እኔ ደግሞ፣ "ንዳው እንጂ፣ በዚህ አካሄድ ነገ ልንደርስ ነው?" እላለሁ። ግርጌው ላይ የውሃ ቦኖ አለ። ሰው ጀሪካኑን በጋሪ ይዞ ተሰልፏል፤ ሴቶች ናቸው፣ ልጆች ናቸው። ሠላሳ እርምጃ ሲቀረን ከበታቻችን ቀጭ አለ። ቀኝ ጎማው ብቻውን ወደ ውጭ ተጠማዘዘ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ሰልፉ አዞረች።

ጎንቺግ አልጮኸም። ፍሬኑን ረገጠ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ መሪውን በሙሉ ክብደቱ ወደ ግራ ጎትቶ፣ በዚያች በአንዷ በደህናዋ ጎማ ከቦኖው ማዶ ያለው የአመድ ክምር ውስጥ ከተተን። ያ ፍሬን ያዘ። ያኔ ሠርቶ ረቡዕ ያስወጣን ፍሬን።

አመዱ በመስኮት ገባ። የሰፈሩ ሁሉ አመድ፣ የአጥንት፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ የውሻ እበት ያለበት አመድ። አፌ ውስጥ ገባ፣ ዴሌ ላይ ፈሰሰ፣ የላቱን ጨርቅ አለበሰው። ስወጣ ያስመልሰኝ ጀመር። ሰዎቹ እየሮጡ መጡ። ከፊት ባዳም ነበረች፣ የሉብሳን ምራት፣ ልጇን በብብቷ አንጠልጥላ።

"ምን ሆናችሁ? ልትጨርሱን ነው? ልጆች ቆመዋል እኮ እዚህ!"

ጎንቺግ መልስ ሳይሰጣት ሽቅብ በእግሩ ሄደ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሲፈልግ ሁሉም ያየዋል። አንዲት ነገር አነሳ። ተመልሶ መጥቶ መዳፉን ዘረጋ፤ ጥቁር መዳፉ ላይ ዳዶዋ ቁጭ ብላለች።

"ረሳሁት" አለ። "ሳላጠብቀው ነው የወጣሁት። ይቅር በሉኝ። አርጅቻለሁ።"

አባባ ሉብሳን ዳገቱ ላይ ሆነው ያያሉ፤ ድምፁ አይሰማቸውም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። አፌ ውስጥ አመድ ነበር። ተፋሁትና ዴሌን ማራገፍ ጀመርኩ።

"አይዞሽ ሃንዳ" አለች ባዳም፤ ከኋላዬ ታራግፍልኝ ጀመር። "ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሽማግሌ ነው።"

በማግስቱ በአውቶቡስ ሄድን። ሥጋውን ጎንቺግ ተሸከመው። ሕፃኗ ደህና ነበረች፤ ጌሬል ትባላለች፣ ይኸው ዘንድሮ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጭቅጭቋ አያቷን ያስንቃል። የሰማ ሁሉ "በመልካም ሰዓት ወጥታችሁ ነዋ" ይለኛል። እኔም "አዎ" እላለሁ። አባባ ሉብሳን ነገሩን ያውቁ ነበር፤ ባልና ሚስት መሃል አይገቡም፤ በዚያው የብርድ ወራት ሞቱ።

መኪናዋን ጎንቺግ ራሱ በሳምንቱ አስተካከላት። ይህን ለማንም አልነገረም፣ የጠየቀውም የለም። ከዚያ ወዲህ ግን አጥራችን በር ላይ መኪና አልቆመም። "ዳዶ ጎንቺግ" ይሉታል። የባዳም ባል እንኳ ገበያው አጠገብ ያለ ጋራዥ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ በራችን ላይ አልፎ ሲሄድ መኪናው ስታቃስት እንሰማለን፤ ጎንቺግ ሻዩን ይዞ ጆሮውን ያቀናል፣ "የግራው ነው" ይላል ለራሱ። ከዚያ ሻዩን ይጠጣል።

በዚህ መኸር ጌሬል ልትጠይቀን መጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ትጫወታለች።

"አያዬ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ውሰደኛ!"

"እናትሽ አትፈቅድም" አለ ጎንቺግ።

"ለምን?"

"ትክክል ስለሆነች።"

እውነት ነው፤ ዱልማ በስልክ አደራ ብላኛለች። "እማ፣ ልጄን ከአባባ ጋር መኪና ላይ እንዳታወጪብኝ፤ ይረሳል።" እኔም "እሺ" ብያለሁ። እሺ! ባሌን በቁሙ ቀብሬ እሺ ብያለሁ።

ያን ቀን ቡዝ ጠቅልለን ነበር። ጎንቺግ አብሮን ተቀምጦ ይጠቀልላል። እጁን አየሁ። ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። እንደ ጽሕፈት ቤት ሰው፣ እንደ ታማሚ ሰው ነጭ ጣቶች፣ ሊጡን ያጥፋሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ታጠብ እያልኩ የጮህኩለት እጅ። ያ የአመድ ጣዕም እንደገና አፌ ውስጥ መጣ።

ጌሬል ወደ ውጭ ስትወጣ፣ "የሽቦዎችህን ጣሳ የጣልኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "በነጭ ወር ጽዳት ጊዜ።"

"አውቃለሁ" አለኝ፤ እጁ ከሊጡ ላይ አልተነሳም። "አመዱ ላይ አየኋት፣ ያን ጊዜውኑ።"

"አይተህ ለምን አላነሳሃትም?"

"ቤቱን አጽድተሽ ደስ ብሎሽ ነበር።"

ቀጣዩን ቡዝ አጠፈ። እኔም ሊጡን ትቼ ወጥቼ ከአጥሩ ጥግ ቆምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኖቼን በጋሪው ይዤ ቦኖ ወረድኩ። ሰልፉ ረጅም ነው። ባዳም እዚያ ነች፤ ሌሎች ሰባት ስምንት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ የባሏ መኪና እንደቆመ ስትናገር ሌላዋ፣ "ለዳዶ ጎንቺግ ስጪዋ፣ ይረሳልሻል!" አለች። ሳቁ። ከዚያ እኔን አዩና አፋቸውን ያዙ።

"አልረሳውም" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ቦኖውን የምትከፍተው ሴትዮ ሳይቀር በመስኮቷ አየችኝ። "ሊያጠብቀው ግማሽ ሰዓት ለምኖኝ ነበር። እኔ ነኝ ሰዓት አለፈ ብዬ ያስወጣሁት። ሚስማር እንኳ ልስካ ሲለኝ ልጆቹን ገደልካቸው ብዬ ሰደብኩት። ሽቦዎቹንም የጣልኳቸው እኔ ነኝ። እሱ ምንም አልረሳም፤ የያዘውን ዘንግ ያስለቀቅሁት እኔ፣ ቁጥሩን ያስጠፋሁት እኔ፣ ሁሉንም እኔ።"

ባዳም ጀሪካኗን አስቀምጣ መጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ክንዴን ያዘችኝ።

"አይ ሃንዳ!" አለች። "ሚስት ማለት አንቺ ነሽ። ስንቱ ባሉን በየቦኖው ያዋርዳል፤ አንቺ ግን ይኸው፣ በስተርጅና እንኳ ጥፋቱን በራስሽ ላይ ትወስጂለታለሽ።"

"እውነቴን ነው እኮ ባዳም!"

"እናውቃለን፣ እናውቃለን" አለች፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች። ወደ ሴቶቹ ዞረች። "አይታችኋል? ከእንግዲህ ያንን ስም የጠራ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።"

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ባዳም ጋሪዬን ራሷ ይዛ ገፋችው፣ ከሰልፉ ሁሉ ፊት ወስዳ አቆመችልኝ።

"ግቢ፣ አንቺ ቅጂ" አለችኝ።

ገባሁና ቀዳሁ።